«አመክንዮ» እና ባልንጀሮቹ፦ የሎጂክ ትምህርት ስያሜዎች

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ የተቋቋመው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ከአራተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ሲሆን፣ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎች አሉት። አንደኛው ስም ኦሮምኛና ዐረብኛ፣ ሁለተኛው ግእዝ ነው። ይህ ቅይጥነት ለያዝነው ጉዳይ ይጠቅመናል።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ሎጂክን በጋራ ትምህርትነት ይማራሉ። መማሪያው በእንግሊዝኛ ተጽፏል። መምህሩ ግን ለማስረዳት ወደ አማርኛ ዞር ባለ ጊዜ የቃል እጥረት ይገጥመዋል።

ለእጥረቱ የትምህርቱ ታሪክ ድርሻ አለው። በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ኤቨርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1952 የመሠረቱት የጥናት ተቋም እያደገ ሄዶ በ1991 የሎጂክ፣ የቋንቋና የኮምፒውቴሽን ተቋም ተብሏል፤ በሎጂክ ብቻ የሁለት ዓመት የማስተርስ ዲግሪም ይሰጣል። በእኛ አገር ግን ሎጂክ ያደገው በፍልስፍና ትምህርት ጥላ ሥር ነው። ካናዳዊው ክሎድ ሰምነር እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ በአዲስ አበባ ፍልስፍና አስተምረዋል፤ የደከሙትም ይበልጡን በግእዝ የፍልስፍና መጻሕፍት ላይ ነበር።

«አመክንዮ» የግእዝ ንኡስ አንቀጽ ነው፤ ግሡ «አመክነየ»፣ ዘሩ «ምክንያት»። ችግሩ ያለው ከትርጉሙ ላይ ነው። «ምክንያት» በግእዝም ሆነ በአማርኛ የነገር መነሻም ነው፣ ሰበብም ነው። «አመካኘ» እና «ምክንያተኛ» የሚሉት የአማርኛ ቃላት ሰበቡን ብቻ ይዘው ቀርተዋል። ስለዚህ «አመክንዮ» ሲባል ሰበብ ፍለጋ የሚመስለው አድማጭ ቢኖር አይፈረድበትም። (ከ«መካነ ሰላም» ጋር የሚያገናኘውም ካለ ተሳስቷል፤ ያ «መካን» ከ«ኮነ» የወጣ ሲሆን ስፍራ ማለት ነው።) እንዲህም ሆኖ ቃሉ ስለ ለመደ ቢጸና እንመርጣለን።

ስያሜ አውጪዎች ፊታቸውን ዘወትር ወደ ግእዝ ማዞራቸው ግን በወሎ አንድ ነገር ያስቀርባቸዋል። በእስላማዊው ትምህርት «መንጢቅ» ከነህውና ከሶርፍ ጋር ከመሣሪያ ዕውቀቶች አንዱ ነው። በእርሱም መነሻው ዐረፍተ ነገር «ሙቀዲማ»፣ ውጤቱ «ነቲጃ»፣ ሁለቱን የሚያያይዘው ሥርዓት «ቂያስ» ይባላል። እነዚህ ቃላት በመዝገበ ቃላት ውስጥ የትምህርት ዘርፋቸው ተጠቅሶ ሊገቡ ይገባል።

እጅግ የሚያስቸግረው «ቫሊድ» የሚለው ቃል ነው። «ትክክለኛ» ብሎ መተርጐም ተማሪን ያሳስታል። ለምሳሌ፦ «የደቡብ ወሎ ከተሞች ሁሉ ቆላ ናቸው፤ መካነ ሰላም የደቡብ ወሎ ከተማ ናት፤ ስለዚህ መካነ ሰላም ቆላ ናት።» መነሻውም መደምደሚያውም ሐሰት ነው፤ ከተማይቱ ደጋ ናት። ይሁንና መደምደሚያው ከመነሻዎቹ በግድ ይከተላል። «ቅቡል» የሚሉም አሉ፤ ያ ግን አድማጭ መስማማቱን እንጂ የሙግቱን አሠራር አይናገርም። በእኛ አስተያየት «ቅጡን የጠበቀ» ይሻላል፤ ቅጥ መልክና ሥርዓት ነውና፣ «ቅጥ ያጣ» የሚለውን ማንም ያውቃል። መነሻዎቹም እውነት ሲሆኑ «ቅጡን የጠበቀና እውነተኛ» ማለት ይቻላል፤ ለዚህኛው በአንድ ቃል የሚበቃ ስያሜ ገና አልተገኘለትም።