ሰርቨሩ ሳይወድቅ «ሲስተም የለም»

ባንክ ወይም ክፍለ ከተማ ጉዳይ ሊያስፈጽም ሄዶ «ሲስተም የለም» ያልተባለ ሰው ጥቂት ነው። መልሱን የሚሰጠው ሠራተኛም ከዚህ በላይ አያውቅም፤ ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ወጥቶ ቆሟል። ሰርቨር ክፍል ገብቶ ለሚያይ ባለሙያ ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ ሌላ ነው። ዳታቤዙ እየሠራ ነው፤ የሠራተኛው ኮምፒውተርም ደህና ነው። የተበላሸው ሁለቱ የሚገናኙበት መንገድ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ ስም ፍለጋ አለ፣ አድራሻ አለ፣ ፖርት አለ፣ ማንነት ማረጋገጥ፣ ምስጠራና የፊደል ኮድ አለ፤ ከነዚህ አንዱ ቢጎድል ውጤቱ ያው «የለም» ነው።

መንገዱ እንዲህ የረዘመው በታሪኩ ምክንያት ነው። የአይቢኤም ተመራማሪ የነበረው ኤድጋር ኮድ መረጃን በሠንጠረዥ ስለማደራጀት ዝነኛ ጥናቱን ያሳተመው በ1970 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኦራክል በ1979 የመጀመሪያ ምርቱን ለገበያ አቀረበ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ጥያቄ የሚቀርብበት ኤስኪውኤል የተባለው ቋንቋ ለሁሉም ተቀራራቢ ሆነ። ጥያቄው በኔትወርክ ላይ የሚጓዝበትን ሥርዓት ግን እያንዳንዱ ኩባንያ ለራሱ ሠራ፤ ለኦራክል የተሰናዳ መልእክት የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ የሆነው ኤስኪውኤል ሰርቨር ዘንድ ቢደርስ ትርጉም የለውም። ማይክሮሶፍት በ1992 ኦዲቢሲን፣ ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1997 ለጃቫ ጄዲቢሲን ያመጡት ይህን ለማስታረቅ ነበር። ፕሮግራሙ በአንድ ዓይነት መንገድ ይጠይቃል፤ ድራይቨር የሚባለው ትንሽ ሶፍትዌር ወደየዳታቤዙ ሥርዓት ይቀይረዋል። መፍትሔው ሠርቷል። ሊበላሽ የሚችል ነገርም አንድ ጨምሯል።

ብልሽት ሲያጋጥም የመጀመሪያው ጥያቄ «ተበላሸ ወይ?» ሳይሆን «እስከ የት ደርሶ ቆመ?» የሚለው ነው። ሰው ቤት ሄዶ አንኳኩቶ «እሱ የሚባል እዚህ የለም» መባልና አንኳኩቶ አንኳኩቶ ማንም ሳይመልስ መቅረት ይለያያሉ። ኔትወርክም እንደዚሁ ነው። ግንኙነቱ ወዲያው «ተከለከልክ» ከተባለ ጥያቄው ብዙ ጊዜ ከማሽኑ ደርሷል፤ በዚያ ፖርት ላይ የሚያዳምጥ ፕሮግራም ግን የለም። ሠላሳ ሰከንድ ተጠብቆ «ጊዜው አለፈ» ከተባለ ደግሞ መልእክቱ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ቅድሚያ የሚጠረጠረው ዝም ብሎ የሚጥል ፋየርዎል ወይም የተሳሳተ አይፒ አድራሻ ነው። ይህን አንድ ልዩነት የያዘ ባለሙያ የግማሽ ቀን ሥራ ይቀርለታል።

የኦራክል የስህተት ቁጥሮች ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው። ኦራ-12154 ከመጣ ጥያቄው ገና ከቤቱ አልወጣም፤ ኮምፒውተሩ የተሰጠውን የዳታቤዝ ስም ወደ አድራሻ መቀየር አልቻለም፣ ስለዚህ ቲኤንኤስኔምስ የሚባለው ፋይል ይታያል። ኦራ-12541 ሲሆን ስሙ ተገኝቷል፣ አድራሻው ላይ ተደርሷል፣ ሊስነር የሚባለው ተቀባይ ፕሮግራም ግን አልተነሣም ወይም በሌላ ፖርት ላይ ነው፤ የተለመደው ፖርት 1521 ነው። ኦራ-12514 አንድ እርምጃ ይጨምራል፤ ሊስነሩ መልሷል፣ ግን የተጠየቀውን ሰርቪስ አያውቀውም። ኦራ-01017 ደግሞ የተጠቃሚ ስም ወይም የይለፍ ቃል ስህተት ነው፤ እዚያ የደረሰ ሰው ኔትወርኩን ማማት ማቆም አለበት፣ ምክንያቱም የመለሰለት ዳታቤዙ ራሱ ነው። ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝም የራሱ መለኪያ አለው። 2003 ማለት ሰርቨሩ ጋ አልተደረሰም ማለት ነው፤ 1130 ተደርሷል፣ ግን ከዚህ ማሽን እንግዳ አልቀበልም የሚል ነው፤ 1045 ደግሞ የይለፍ ቃሉን ወይም የተጠቃሚውን ፈቃድ ይመለከታል።

ይህ ሁሉ መረጃ ስክሪኑ ላይ ተጽፎ እያለ በብዙ መሥሪያ ቤት የሚደረገው ሌላ ነው። የኔትወርክ ክፍሉ «ከኛ ጋ ችግር የለም፣ ፒንግ ያደርጋል» ይላል። የዳታቤዝ ክፍሉ «ዳታቤዙ ተነሥቷል» ይላል። ሶፍትዌሩን ያቀረበው ድርጅት «ትናንት ይሠራ ነበር» ይላል። ሦስቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ፒንግን በ1983 የጻፈው አሜሪካዊው ማይክ ሙስ ሲሆን፣ ዓላማው ማሽኑ በኔትወርክ ላይ መኖሩን ማወቅ ነበር፤ የኦራክሉ ፖርት 1521 ወይም የማይኤስኪውኤሉ 3306 ክፍት ስለመሆኑ ፒንግ የሚናገረው ነገር የለም። ማሽኑ ፒንግ እያደረገ ዳታቤዙ ሊዘጋ ይችላል፤ ፒንግ ተከልክሎ ዳታቤዙ ሊከፈትም ይችላል። ፖርቱን በቀጥታ በቴልኔት መሞከር አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ክርክሩ ግን አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል።

ለመሆኑ ዳታቤዞች ሲጫኑ ለምን በራቸውን ዘግተው ይጀምራሉ? ፖስትግሬስ ሲጫን የሚያዳምጠው የራሱን ማሽን ብቻ ነው። በዴቢያንና በኡቡንቱ የሚጫነው ማይኤስኪውኤልም እንዲሁ። አዲስ ገቢዎችን የሚያማርር ልማድ ቢሆንም ምክንያቱ በከባድ ዋጋ የተገኘ ነው። በጥር 25 ቀን 2003 ስላመር የተባለው ትል በኤስኪውኤል ሰርቨር በኩል፣ በፖርት 1434፣ ዓለምን አዳረሰ። መጠኑ 376 ባይት ብቻ ነበር። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሊጠቁ ከሚችሉት ማሽኖች አብዛኞቹን ያዘ፤ የተጠቁት ቢያንስ 75,000 እንደነበሩ ተገምቷል። የባንክ ኦፍ አሜሪካ ኤቲኤሞች ሳይቀሩ ሥራ አቆሙ። ማይክሮሶፍት መድኃኒቱን ያወጣው ከስድስት ወር በፊት ነበር፤ ብዙዎች ግን አልጫኑትም። በ2005 የወጣው ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ ከሌላ ማሽን የሚመጣ ግንኙነትን ባለቤቱ ካልፈቀደ በስተቀር የማይቀበል ሆኖ መጣ።

የተለያዩ ሲስተሞች ሲገናኙ ደግሞ ማንም የማይጠረጥራቸው ነገሮች አሉ። በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ የኦዲቢሲ ማስተካከያ መስኮት ሁለት ነው፤ አንዱ ለ64 ቢት፣ ሌላው ለ32 ቢት ፕሮግራሞች። የሁለቱም ፋይል ስም አንድ ነው፣ በስሙ ውስጥም 32 የሚል ቁጥር አለበት። ይባስ ብሎ የ64ቱ «ሲስተም32» በሚባለው ፎልደር፣ የ32ቱ ደግሞ ስሙ በ64 በሚያልቀው ፎልደር ተቀምጧል። አንድ የሒሳብ ባለሙያ የ32 ቢት ኤክሴል ተጭኖላት ሳለ ዳታቤዙ በ64ቱ መስኮት ቢመዘገብላት፣ የመስኮቱ ሙከራ «ተሳክቷል» ይላል፣ ኤክሴል ግን ድራይቨሩና ፕሮግራሙ አልተጣጣሙም ብሎ እምቢ ይላል። ማይክሮሶፍት ይህን ያደረገው የድሮ ፕሮግራሞች እንዳይሰበሩ ብሎ ነው። ምክንያቱ ይገባል፤ ውጤቱ ግን እስከ ዛሬ ሰው ያደክማል።

«ሎካልሆስት» የሚለው ቃልም ሌላ ወጥመድ ነው። በሊኑክስ ላይ የማይኤስኪውኤል ፕሮግራም ይህን ስም ሲያይ ኔትወርኩን ትቶ በሶኬት ፋይል ይገናኛል፤ 127.0.0.1 ተብሎ ሲጻፍ ግን በኔትወርክ ይሄዳል። በዶከር ኮንቴይነር ውስጥ የተጻፈ ሎካልሆስት ደግሞ ኮንቴይነሩን ራሱን እንጂ የተቀመጠበትን ማሽን አያመለክትም። በሬድ ሃት ሊኑክስ ያለው ኤስኢሊኑክስ የተባለው ጥበቃ ደግሞ ዌብ ሰርቨሩ ወደ ሌላ ማሽን ዳታቤዝ እንዳይሄድ አስቀድሞ ይከለክላል። ባለሙያው በተርሚናል ሲሞክር ይሠራል፣ ዌብሳይቱ ግን «ፈቃድ የለም» ይላል፤ በአንዲት ትእዛዝ የሚፈታ ጉዳይ ነው። ብዙዎች የሚመርጡት ግን ጥበቃውን ጨርሶ ማጥፋት ነው፤ ይህ መፍትሔ ሊባል አይገባውም።

ምስጠራና የይለፍ ቃል ላይም ተመሳሳይ ስንፍና ይታያል። ማይኤስኪውኤል 8 በ2018 ሲወጣ የማንነት ማረጋገጫ ዘዴውን ቀየረ፤ የቆዩ ድራይቨሮች ትክክለኛ የይለፍ ቃል ይዘው ከበር ተመለሱ። ብዙ ቦታ የተወሰደው እርምጃ ድራይቨሩን ማደስ ሳይሆን ሰርቨሩን ወደ አሮጌው ዘዴ መመለስ ነበር። አሮጌው ዘዴ በ2024 ከወጣው 9 ከሚባለው ዝርያ ፈጽሞ ተወግዷል፤ ስለዚህ ያኔ የተላለፈው ዕዳ አሁን ይከፈላል። የኤስኪውኤል ሰርቨር 18ኛው ኦዲቢሲ ድራይቨርም ምስጠራን ግዴታ አድርጎ ስለጀመረ፣ ራሳቸው በፈረሙት ሰርተፊኬት የሚሠሩ ሰርቨሮች በአንድ ማሻሻያ ማግስት ግንኙነት አጥተዋል። ኬርቤሮስ የተባለውን የማንነት ማረጋገጫ በሚጠቀሙ ድርጅቶች ደግሞ የሁለት ማሽኖች ሰዓት ከአምስት ደቂቃ በላይ ከተለያየ መግቢያው ይከለከላል፤ ሰዓት የዳታቤዝ ጉዳይ ነው ብሎ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው አንዴ የሚሠራ፣ አንዴ የሚጠፋ ግንኙነት ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የመጀመሪያዋ ሠራተኛ ስትገባ ሲስተሙ ይጥላታል፤ ደግማ ስትሞክር ይሠራል፤ ባለሙያው ሲመጣ ምንም የለም። ማይኤስኪውኤል ሥራ ፈቶ የተቀመጠን ግንኙነት ለ28,800 ሰከንድ፣ ማለትም ለስምንት ሰዓት፣ ይታገሣል። ቢሮ ማታ አሥራ አንድ ተኩል ተዘግቶ ጠዋት ሁለት ተኩል ሲከፈት በመካከሉ አሥራ አምስት ሰዓት አለ። ሰርቨሩ ግንኙነቱን ሌሊት ዘግቶታል፤ ፕሮግራሙ ግን ያንኑ የሞተ መስመር ይዞ አድሯል። ፋየርዎል ሲገባበት ጊዜው ያጥራል። የሲስኮ ኤኤስኤ ፋየርዎል ዝም ያለን ግንኙነት በአንድ ሰዓት ይረሳዋል፤ ሊኑክስ ግን «አለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ካልተስተካከለ በስተቀር ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው መልሱን ሎግ ሳያይ ያገኘዋል።

ቪፒኤን ባለበት ደግሞ ሌላ ዓይነት አለ። መግባት ይቻላል፣ አንድ ረድፍ መጠየቅ ይቻላል፣ ሺህ ረድፍ ሲጠየቅ ግን ስክሪኑ ይደርቃል። የኤተርኔት ፓኬት የተለመደ ጣሪያ 1,500 ባይት ነው፤ ቪፒኤኑ የራሱን ጭነት ሲጨምርበት ትልልቆቹ አያልፉም። «አሳንሰህ ላክ» የሚለውን መልእክት ፋየርዎል ከከለከለው ላኪው ሳያውቅ ይቀራል።

ትልልቆቹ ኩባንያዎችም ከዚህ ዓይነት ችግር አልተረፉም። በጥቅምት 21 ቀን 2018 የፕሮግራም ኮድ ማስቀመጫው ጊትሃብ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ የኔትወርክ ዕቃ ሲቀይር በሁለት ማዕከሎቹ መካከል ያለው መስመር ለ43 ሰከንድ ተቋረጠ። በዚያች ቅጽበት የማይኤስኪውኤል ሰርቨሮቹን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር ኃላፊነቱን ወደ ምዕራብ ዳርቻ አዛወረ፤ ሁለቱም ወገን ሌላው የሌለውን መረጃ ይዞ ተገኘ። አገልግሎቱ የተቃወሰው ለ24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ነበር። ተመሳሳይ አገልግሎት የሚሰጠው ጊትላብ ደግሞ በጥር 31 ቀን 2017 አንድ ባለሙያ በስህተት ዋናውን ዳታቤዝ ሲያጠፋ ወደ መጠባበቂያው ሄደ፤ የተለመደው መጠባበቂያ ግን አልነበረም። ቅጂ የሚያወጣው ፕሮግራም የፖስትግሬስ 9.2 ዝርያ፣ ዳታቤዙ 9.6 ስለነበረ ሥራው ሲከሽፍ ቆይቷል፤ ማስጠንቀቂያ ኢሜይሎቹም አልደረሱም። የጠፋው የስድስት ሰዓት ያህል መረጃ ነው።

ግንኙነቱ ተስተካክሎም መረጃው ተበላሽቶ ሊደርስ ይችላል፤ አማርኛ የሚጠቀም ድርጅት ከማንም በላይ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ሲሆን፣ ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ሆሄ ሦስት ባይት ይይዛል። ኦራክል ላይ አንድ የስም ዓምድ 20 ተብሎ ሲፈጠር፣ ካልተነገረው በስተቀር 20 ባይት ማለቱ ነው። «ወልደገብርኤል» ስምንት ሆሄ፣ 24 ባይት ነው፤ አይገባም፣ ኦራ-12899 ይመጣል። በላቲን በ12 ፊደል የተጻፈው ያው ስም ግን ይገባል። ሶፍትዌሩን የሞከረው ሰው በላቲን ብቻ ከሞከረ ችግሩን የሚያገኘው ባለጉዳዩ ነው።

የተበላሸ አማርኛም እንደ ስህተት ቁጥር ይነበባል። ባዶ ሳጥን ከታየ ብዙ ጊዜ የጎደለው ፎንት ነው፤ መረጃው ደህና ነው። አናቷ ላይ ጭረት ያላት የላቲን «ኤ» በየመሐሉ ከተደጋገመች፣ ዩቲኤፍ-8 በላቲን ኮድ ተነብቧል፤ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። የጥያቄ ምልክት ብቻ ከተደረደረ ግን፣ ለምሳሌ ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ዩኒኮድ ባልሆነ ዓምድ ከተመዘገበ፣ ስሙ ጠፍቷል፤ ከወረቀት እንደገና ከመጻፍ ሌላ መላ የለውም። ቀንም የራሱ ጣጣ አለው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥቅምት 30 ሁለተኛው ወር ላይ ስለሚውል የዳታቤዝ የቀን ዓምድ በፈረንጆቹ የካቲት 30 የሚባል ቀን የለም ብሎ ይመልሰዋል፤ ሰኔ 5ን ግን፣ ሰኔ አሥረኛው ወር ስለሆነ፣ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ የፈረንጆቹ ጥቅምት ወር አምስተኛ ቀን አድርጎ ይቀበለዋል።

ሶፍትዌር የሚገዛ መሥሪያ ቤት ርክክብ ከመፈረሙ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ። በአንዱ ሲስተም ረጅም የአማርኛ ስም ይመዝገብና በሌላው ይነበብ፤ ግንኙነቱም ተከፍቶ ይደርና ጠዋት በሥራ ሰዓት ይሞከር። ሁለቱን ያላለፈ ሶፍትዌር ክፍያ ሊለቀቅለት አይገባም።