የጫት ቅጠል በሰው ገላ ውስጥ የሚያደርገው ጉዞ

በጅቡቲ ከተማ በስተሰሜን ባሕሩን ተጠግቶ የሚገኘው ፕላቶ ዱ ሰርፓን ጸጥ ያለ የመኖሪያ ሰፈር ነው። በዚያም ሆነ በቀረው ከተማ፥ እኩለ ቀን አልፎ የጫቱ ጭነት የሚደርስበት ሰዓት ሲቃረብ የሰው ሁሉ ዓይን ወደ መንገዱ ይሆናል። ጫቱ ከሐረርጌ ደጋ፥ ከአወዳይና ከአካባቢው እርሻ ተቈርጦ፥ ታስሮና እርጥበቱን እንዳያጣ ተጠቅልሎ በየቀኑ የሚመጣ ነው። የትናንቱ ዛሬ ገዢ የለውም ለማለት ይቻላል። የዚህን ችኰላ ምክንያት ገበሬውም ሹሙም ቢያውቀው የሚጠቅም ስለሆነ ጥቂት ልንገልጽ ወደድን።

ለጫት ዋነኛውን ኃይል የሚሰጠው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ይህም በተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ካቲኖን የሚበዛው በለጋው ቀንበጥ ላይ ሲሆን፥ ቅጠሉ ከተቈረጠ በኋላ በሁለት ቀን ያኽል ውስጥ አብዛኛው ካቲን ወደሚባለውና ወደ መሰሎቹ ደካማ ንጥረ ነገሮች ይለወጣል። እንግዲህ ነጋዴው የሚሽቀዳደመው ከዚህ ለውጥ ጋር ነው።

ቃሚው ቅጠሉን አላምጦ በጉንጩ ሲይዘው፥ ኃይሉ ከምራቁ ጋር ይወጣል። በጀርመን አገር በፈቃደኞች ላይ የተደረገ ጥናት እንደሚያመለክተው፥ ከካቲኖኑ ከግማሽ የሚበልጠው ገና በአፍ ውስጥ ሳለ በጉንጭ ሥጋ በኩል ወደ ደም ይገባል፤ ሌላው ተውጦ በአንጀት በኩል ይከተላል። በገረባው ውስጥ የሚቀረው ከ10 እጅ አንዱ ያኽል ብቻ ነው። በደም ውስጥ ያለው መጠን ከፍተኛ ደረጃ የሚደርሰው ከሁለት ሰዓት በላይ ቈይቶ ስለሆነ፥ ምርቃናም ዝግ ብሎ ይመጣል። ደሙ ካቲኖኑን ወደ አንጎል ያደርሰዋል፤ ልብ ይፈጥናል፥ የደም ግፊትም ይነሣል። በሚያጠቡ እናቶች ወተት ውስጥ፥ እንዲሁም በሕፃን ሽንት ውስጥ ካቲን መገኘቱን ሐኪሞች አረጋግጠዋል።

ከዚያ በኋላ ሥራው የጉበት ነው። ጉበት ካቲኖኑን ለውጦ ለኩላሊት ያስረክባል፤ ሳይለወጥ በሽንት የሚወጣው ጥቂት ነው። በአንድ ሰዓት ተኩል ያኽል ግማሹ ከደም ይጠፋል። ካቲን ግን ግማሹ ለመጥፋት አምስት ሰዓት ያኽል ይፈልጋል። ከሰዓት በኋላ የቃመ ሰው ሌሊቱን በዓይኑ የሚያነጋው ስለዚህ ነው። ምርቃናውን ለመስበር በጨብሲ የሚጠጣው መጠጥም ጉበትን አያፋጥነውም፤ ሌላ ሸክም ይጨምርበታል እንጂ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። በየመን የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፥ አምፒሲሊን የተባለውን ክኒን ጫት እየቃመ የሚውጥ ሕመምተኛ መድኃኒቱ ወደ ደሙ የሚገባው በእጅጉ ቀንሶ ነው። አሞክሲሲሊንም በመጠኑ ይቀንሳል። በሽተኛው ገንዘቡን ከፍሎ መድኃኒቱን ከውሃ ጋር ቢውጠውም በሽታው አይለቀውም፤ ጥፋቱም ያለ አግባብ በሐኪሙ ወይም በክኒኑ ይሳበባል። አጥኚዎቹ ክኒኑ መቃም ካበቃ ከሁለት ሰዓት በኋላ እንዲወሰድ መክረዋል።

አሁን የምንናገረው ለገበሬው ነው። ለወባ መከላከያ የመጣ ዲዲቲ በጫት እርሻ ላይ ሲረጭ መቈየቱ የታወቀ ነው፤ በአገራችን ጫት ላይ በተደረጉ ምርመራዎችም የዲዲቲ ቅሪት ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት ዲዲቲን ለበሽታ አስተላላፊ ነፍሳት መከላከያ ብቻ እንዲውል ወስኖታል። ጫት ሳይበሰል በጥሬው የሚታኘክ ቅጠል ነው። ካቲኖን በጉበትና በኩላሊት በኩል አልፎ በአንድ ቀን ይወጣል። ዲዲቲ ግን በውሃ ስለማይሟሟ በሽንት ለመውጣት ይቸግረዋል፤ በገላ ስብ ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ይቀመጣል፥ ከእናት ጡትም ወደ ልጅ ያልፋል።