ዘፈን ያሳተሙልን ባለሱቆች

ቤታችሁ የድሮ ካሴት ካለ ሽፋኑን ገልበጥ አድርጉና የአሳታሚውን ስም አንብቡ። «አምባሰል ሙዚቃ ቤት»፣ «ኤሌክትራ ሙዚቃ ቤት» የሚል ታገኛላችሁ። ሙዚቃ ቤት ማለት እኮ ሱቅ ነው! የአገራችንን ዘመናዊ ዘፈን በአብዛኛው ገንዘብ አውጥተው ያሳተሙልን ባለሱቆች ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በድፍረት ነው። በንጉሡ ዘመን የዘፈን ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በአዋጅ የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ሙዚቃ ቤት የነበረው አምሃ እሸቴ ግን እ.ኤ.አ. በ1969፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለ፣ የድምፃዊ አለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀርጾ ህንድ አገር አሳተመ። እስከ 1975 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችና ወደ 12 የሚጠጉ አልበሞች አወጣ። ሌላው ባለሱቅ አሊ ታንጎ ደግሞ በ«ካይፋ» ስም ማሳተሙን ቀጠለ። የማህሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» ያወጣው እሱ ነው፤ አልበሙ እ.ኤ.አ. በ1986 ብራስልስ ላይ እንደገና ታትሞ ፈረንጆችን ጉድ አሰኘ።

ባለሱቅ እንዴት ይህን ቻለ? ቀኑን ሙሉ ገበያው ምን እንደሚል ስለሚሰማ ነው። ለዘፋኙ ከፍሎ ያስቀርጽ ነበር፤ ካሴቱ ካልተሸጠ ኪሳራው የራሱ ነበር።

እስቲ ወደ እኛዋ ደሴ እንምጣ። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ለሚኖር አድማጭ አዲስ ካሴት ደረሰ የሚባለው ሙዚቃ ቤቱ በር ላይ ያለው ሞንታርቦ ሲጮህ ነበር። መንገደኛው ቆም ይላል፤ «ማን ነው ይሄ?» ብሎ ይጠይቃል። የዘፋኙን ስም የማያውቅ ደንበኛ ዜማውን ያንጎራጉራል፤ ባለሱቁ ከመደርደሪያው ካሴቱን መዞ፣ ክሩን አሳልፎ፣ «ይሄ ነው?» ይለዋል። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ በእኛው አካባቢ ስም የሚጠሩ ናቸውና በእነዚህ ቅኝቶች የታወቀችውን የማሪቱ ለገሰን ዘፈን ፈልጎ የሚመጣው ብዙ ነበር። በዚያው ከተማ መንዙማውም መዝሙሩም ይሸጥ ነበር።

ባለሱቁን ግን ጻድቅ አላደርገውም። ባዶ ካሴት ይዞ ለመጣ ደንበኛ ሌላውን ካሴት የሚቀዳለት እሱው ነበር፤ ዘፋኙ ከዚያ ሰባራ ሳንቲም አያገኝም ነበር። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ቢወጣም፣ ካሴቱ ሲጠፋ ቅጂው ወደ ፍላሽና ወደ ስልክ ሚሞሪ ተዛወረ። በጥቂት ብር መቶ ዘፈን ይጫን ነበር። እንዲያም ሆኖ፣ ገጠር ያለው ወጣት አዲሱን ዘፈን ያገኘው በዚሁ መንገድ ነው። ዘፈኑን ያሰራጨው እጅ የዘፋኙን ገቢ የበላው እጅ ነው፤ ሁለቱም እውነት ነው።

ዛሬ ዩቲዩብ የዘፈን ተመልካቹን ይቆጥራል። በካሴት ዘመን ደሴ ላይ የቱ ዘፈን እንደተወደደ፣ ኮምቦልቻ ላይ የቱ እንደተረፈ የሚያውቀው ግን ባለሱቁ ነበር። እናም የምታውቁት አንጋፋ የሙዚቃ ቤት ባለቤት ካለ ሄዳችሁ አጫውቱት፤ ፈቃዱ ከሆነም በስልካችሁ ቅረጹት።