«ገባ» እና «ተከፈለ»

በኢንተርኔት ጨረታ ዕቃውን የሚሸጥ ሰው በደረቅ ቼክ ከሚደርስበት ጉዳት አብዛኛው የሚመጣው ከመቸኮል ነው። ሻጩ ገንዘቡ መከፈሉን ሳያረጋግጥ ዕቃውን ይልካል። በሱቅ ንግድ ደረቅ ቼክ የሰጠ ደንበኛ የት እንዳለ ይታወቃል፤ በጨረታ ድረ ገጽ ላይ ግን ሻጩ ስለ ገዥው የሚያውቀው መለያ ስሙንና የመላኪያ አድራሻውን ነው። በዚህ ዓይነቱ ግብይት የሻጩ ትልቁ መያዣ ዕቃው ራሱ ስለሆነ ቼኩ እስኪጣራ ድረስ ከእጁ ሊወጣ አይገባም።

ችግሩ «ገባ» የሚለውን «ተከፈለ» ብሎ መረዳት ላይ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ ሕግ ባንኮች የደንበኛን ቼክ ገንዘብ ለረጅም ጊዜ ይዘው እንዳያቆዩ ይከለክላል። የተራ ቼክ ገንዘብ በአብዛኛው በሁለተኛው የሥራ ቀን ይለቀቃል፤ ባንክ ራሱ የሚያወጣውና እኛ ሲፒኦ የምንለው ዓይነት ደግሞ ሻጩ በአካል ቀርቦ ካስገባው በማግስቱ ሊለቀቅ ይችላል። ሕጉ የወጣው ለደንበኛው ጥቅም ነው፤ ነገር ግን ገንዘቡ ተለቀቀ ማለት የገዥው ባንክ ከፈለ ማለት አይደለም። ቼኩ ከተመለሰ ባንኩ ገንዘቡን ከሻጩ ሂሳብ ላይ መልሶ ይወስዳል። ሐሰተኛ ቼክ እስኪታወቅ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። አጭበርባሪዎች የሚሠሩት በዚሁ ክፍተት ነው፤ ከዋጋው በላይ የተጻፈ ቼክ ይልኩና «ትርፉን መልስልኝ» ይላሉ። ሻጩ የሚመልሰው ግን የራሱን ገንዘብ ነው።

«ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ቅን ገዥዎችን ያስቀይማል» የሚል ይኖራል። ቅሬታው እውነትነት አለው፤ ደመወዙ ሁለት ቀን ስለዘገየበት ብቻ ቼኩ የሚመለስበት ሰው አለ። ስለዚህ ቼክ በተመለሰ ቁጥር ገዥውን ሌባ ማለት ነውር ነው፤ መጀመሪያ በትሕትና ጽፎ መጠየቅና በሌላ መንገድ እንዲከፍል ዕድል መስጠት ይገባል። የመጠበቂያው ጊዜ ከጨረታው በፊት በግልጽ ከተነገረ ግን ቅኑ ገዥ ቢበዛ ጥቂት ቀናት ይዘገይበታል። ሻጩ ቸኩሎ ቢሳሳት ግን ዕቃውንም ገንዘቡንም ያጣል።

ሌላው ተቃውሞ «ሕግ አለ» የሚለው ነው። በእርግጥ አለ። በካሊፎርኒያ ሻጩ በተመዘገበ ደብዳቤ ጠይቆ በ30 ቀን ውስጥ ካልተከፈለው፣ ከቼኩ ገንዘብ ሌላ የዚያኑ ሦስት እጥፍ፣ ከ100 ዶላር ያላነሰና ከ1,500 ዶላር ያልበለጠ ካሳ በፍርድ ቤት ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ የተመለሰውን ቼክ፣ የጨረታውን ውጤትና የተጻጻፉትን ሁሉ መያዝ ያስፈልጋል። ሆኖም ፍርድ የሚጠቅመው ተከሳሹ ሲገኝ ነው። በውሸት ስም የጻፈን ሰው ከሌላ ግዛት ፈልጎ ማስከፈል ከዕቃው ዋጋ በላይ ሊያስወጣ ይችላል። ትልቁ የጨረታ ገበያ ኢቤይ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ለአብዛኞቹ ዕቃዎች ቼክን ከመክፈያ መንገዶቹ አስወጥቷል። ዛሬም ቼክ የሚቀበል ሻጭ ካለ የባንኩን ሠራተኛ «ገንዘቡ ገባ?» ብሎ መጠየቁ አይበቃውም። «የገዥው ባንክ ከፍሏል? ቼኩስ ከእንግዲህ ሊመለስ ይችላል?» ብሎ ይጠይቅ፤ ቁርጥ ያለ መልስ እስኪያገኝም ዕቃውን አይላክ።