ኒውክሌር፦ ስጋቱ ከቦምቡ ብቻ አይደለም

ደብረ ማርቆስ፦ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በተመረቀበት ዕለት ኢትዮጵያ በኒውክሌር ኃይል ልማት እንደምትሠማራ ይፋ ተደርጓል። በመስከረም 2018 ዓ.ም ደግሞ ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር የድርጊት መርሐ ግብር በሞስኮ ተፈርሟል። በገበያም ኾነ በቡና ላይ ጨዋታ "ኒውክሌር" ሲባል ቀድሞ የሚነሳው ግን ቦምቡ ነው።

ቦምቡም ኾነ ኤሌክትሪኩ ከዩራኒየም ሊገኝ ይችላል። ልዩነቱ የማበልጸጊያው መጠን ነው፤ ለኤሌክትሪክ ከ3 እስከ 5 በመቶ ሲበቃ ለቦምብ 90 በመቶ ገደማ ያስፈልጋል። የኃይል ማመንጫ እንደ አቶሚክ ቦምብ የማይፈነዳውም ለዚህ ነው። ይኹን እንጂ ማበልጸጊያው መሣሪያ ለሁለቱም ስለሚያገለግል ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ነዳጁን ይቆጣጠራል። አፍሪካን ከኒውክሌር ጦር መሣሪያ ነጻ ያደረገው የፔሊንዳባ ስምምነትም እ.ኤ.አ ከ2009 ጀምሮ ጸንቷል፤ በኒውክሌር ተቋማት ላይ ጥቃት መፈጸምንም ይከለክላል።

ክልከላው ያለ ምክንያት አልተጻፈም። እሳቱ የጠፋ ምድጃ ረመጡ እንደሚያቃጥል ሁሉ፣ ማብለያው ቢቆምም ነዳጁ ይግላል፤ ውኃና ውኃውን የሚገፋ ኤሌክትሪክ ሳይቋረጥ ይፈልጋል። በጃፓን ፉኩሺማ እ.ኤ.አ በ2011 የደረሰው አደጋ የባሕር ማዕበል ኤሌክትሪኩን በማቋረጡ የመጣ ነው። በዩክሬን ዛፖሪዢያ ጦርነቱ ያሳሰበውም ይኸው ነው።

ለአርሶ አደሩ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የቼርኖቤል ነው። እ.ኤ.አ በ1986 ከተቋሙ የወጣው ጨረር አመንጪ ብናኝ ከዝናብ ጋር ሣር ላይ ወረደ፤ ከሣሩ ወደ ላም፣ ከላሟ ወደ ወተት ተሻገረ። ወተቱን የጠጡ ሕጻናት በእንቅርት ዕጢ ካንሰር ታመዋል። ከ2 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው የብሪታኒያዋ ዌልስ ተራሮች የሚግጡ በጎች ሳይመረመሩ እንዳይሸጡ የተጣለው ገደብ የተነሳው በ2012 ነው።

የኃይል ማመንጫ በሌለበትም ጨረር አመንጪ ቁስ አለ። ካንሰር የሚታከምባቸው ሆስፒታሎችና የመንገድ አፈርን ጥብቀት የሚለኩ መሣሪያዎች ይጠቀሙበታል፤ በቃሊቲም ገንዲን የምታስተላልፈው የቆላ ዝንብ ወንዱ በጨረር ይመክናል። በብራዚል ጎያኒያ እ.ኤ.አ በ1987 ቁርጥራጭ ብረት ፈላጊዎች ከተተወ ሕክምና ቤት አንድ መሣሪያ ወስደው ፈቱት፤ በጨለማ የሚያበራው ዱቄት ከቤት ቤት ተዳርሶ አራት ሰዎች ሞቱ።

ስለዚህ ቁራሌው፣ ብረት ቀጥቃጩም ኾነ እረኛው በቢጫ መደብ ላይ በአንድ ነጥብ ዙሪያ ሦስት ክንፍ የተሳለበት ዕቃ ቢያገኝ ሳይነካ፣ ሳይፈታና ወደ ቤት ሳይወስድ መራቅ፣ ሌላውንም ማራቅና ለፖሊስ ማሳወቅ ይኖርበታል።