አንድ አስተማሪ ለስንት ትምህርት ቤት ይበቃል?

በአገራችን የአስተማሪ ቁጥር የሚሰላው በተማሪ ብዛት ነው፤ ይኸውም በአንደኛ ደረጃ ለአንድ አስተማሪ 50፥ በሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ነው። ከ50ዎቹ መካከል ግን አንዱ ዓይነ ስውር፥ አንዲቱ መስማት የተሳናት ብትሆን፥ ይህ ሒሳብ ለሁለቱ ምንም አይናገርም። ነገሩን ለማስረዳት ወገል ጤናን ምሳሌ እናደርጋለን።

ወገል ጤና ያለችው በጅጣና በበሽሎ ሸለቆዎች መካከል በተዘረጋው በደላንታ አምባ ላይ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መድፋቸውን ወደ መቅደላ ለማሻገር መንገድ ያስጠረጉት በእነዚሁ ገደሎች ነበር፤ ገደሉ ዛሬም ለእግረኛ አልቀለለም። የትምህርት ሚኒስቴር ዕቅድ ልዩ አስተማሪው በጉድኝቱ ማዕከል ተቀምጦ በዙሪያው ያሉትን ትምህርት ቤቶች እየዞረ እንዲረዳ ነው። አምስት ትምህርት ቤት ቢደርሰው፥ ለእያንዳንዱ በሳምንት አንድ ቀን ይሆናል፤ ከዚያም ላይ ዳገቱ የራሱን ድርሻ ይወስዳል። (በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች መዘጋታቸውን ሳንቈጥር ነው።)

ይህ አንድ ቀን ለዓይነ ስውሩ ልጅ ብዙ ነገር ነው። ብሬል በስድስት ነጥብ የሚጻፍ ሲሆን፥ በአማርኛው ለብዙዎቹ ፊደሎች አናባቢው ራሱን የቻለ ምልክት ሆኖ ይከተላል፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት የየቀን ልምምድ ይጠይቃል። ልጁ ከለመደው በኋላ ግን በቀሩት አራት ቀኖች የአስተማሪውን ቃል እንደ ጓደኞቹ ይሰማል፥ ማስታወሻውንም ራሱ ይጽፋል። ተዘዋዋሪው አስተማሪ ሲመጣ የልጁን ብሬል ወደ ቀለም ጽሕፈት ገልብጦ ለክፍሉ አስተማሪ ያስረክባል።

መስማት ለተሳናት ልጅ ነገሩ ሌላ ነው። እንዲህ ያሉ ልጆች አብዛኞቹ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ስለ ሆነ፥ ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤት የሚደርሱት የተሟላ ቋንቋ ሳይዙ ነው። ቋንቋ ደግሞ አብረው ሲውሉበት እንጂ በሳምንት አንድ ቀን አይለመድም። አስተርጓሚ ብንቀጥርላትም፥ አስተርጓሚ የሚጠቅመው ቋንቋውን ለሚያውቅ ነው። በ1986 ዓ.ም. በሳላማንካ የወጣው መግለጫ ልጆች ሁሉ አብረው ይማሩ ብሎ ሳለ፥ መስማት ለተሳናቸው ግን ልዩ ትምህርት ቤት ወይም ልዩ ክፍል ይበልጥ ሊስማማ እንደሚችል ያመነው ስለዚህ ይመስለናል።

እንግዲህ በእኛ አስተያየት፥ የብሬሉ አስተማሪ ይዙር፤ የምልክት ቋንቋው አስተማሪ ግን በአንድ ቦታ ይቀመጥና ልጆቹ ወደ እሱ ይሰብሰቡ። አጠገቡም መስማት የተሳነው ጎልማሳ ረዳት ሆኖ ቢቀጠር መልካም ነው፤ ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው ስምምነት አካል ጉዳተኛ አስተማሪዎችንም መቅጠርን ያዛል።

በዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። በገጠር ያደገ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከተማ ክፍል ተከራይቶ፥ ስንቁን ከቤቱ እያመላለሰ ይማራል። የሰባት ዓመት ልጅ ይህን አትችልም፤ ማደሪያና አሳዳሪ ትፈልጋለች። የአሳዳሪዋ ደመወዝ ደግሞ 50 ለአንድ በሚለው ሒሳብ ውስጥ ስፍራ የለውም።