ገመድ አልባዋ መለኪያ በቀን ስንት ጁል ትፈጃለች?

ሁለቱ የቀላል ባቡር መስመሮች በሚጋሩት የልደታ ጣቢያ አጠገብ፣ በአንድ ምሰሶ ላይ፣ የአየሩን ሙቀት ለክታ በሬዲዮ የምታስተላልፍ ትንሽ ገመድ አልባ መለኪያ ሰቀልን እንበል። የኤሌክትሪክ መስመር አልተዘረጋላትም። ስንቋ የሳንቲም ቅርጽ ያላት፣ ሲ አር 2032 የምትባለው ባትሪ ብቻ ናት። ይህች ባትሪ በ3 ቮልት 225 ሚሊአምፔር-ሰዓት ገደማ ስለምትይዝ በድምሩ ወደ 2,400 ጁል ታከማቻለች።

ሬዲዮው 20 ሚሊአምፔር፣ ማለትም 60 ሚሊዋት፣ ይስባል እንበል። ያለማቋረጥ ቢሠራ ባትሪዋ 11 ሰዓት ያህል ብቻ ትቆያለች። መለኪያዋ በየ10 ደቂቃው ለ50 ሚሊሰከንድ ነቅታ መልእክቷን ብትልክና ቀሪውን ጊዜ በ2 ማይክሮአምፔር ብታንቀላፋ ግን የቀን ፍጆታዋ 1 ጁል አይሞላም፤ በስሌት ደረጃ ከስድስት ዓመት በላይ ትዘልቃለች። ከዚህ ፍጆታ ከግማሽ የሚበልጠውን የሚወስደው እንቅልፉ መሆኑን ልብ ይሏል።

ለመዲናችን ይበልጥ አሳሳቢው ጉዳይ ግን ከሙቀት ይልቅ ወደ ሳንባ ጠልቆ የሚገባው፣ ከ2.5 ማይክሮሜትር ያነሰው ብናኝ ነው። የአሜሪካ ኤምባሲ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የዚህን ብናኝ መጠን ለሕዝብ ሲያሳውቅ ቆይቶ በማርች 2025 አቁሟል። ታዲያ በየሰፈሩ ትንንሽ መለኪያዎችን ብንሰቅልስ?

ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። ርካሹ የብናኝ መለኪያ አየር የሚስብ ማራገቢያና ሌዘር አለው፤ እስከ ግማሽ ዋት ይፈልጋል። ንባቡ እስኪረጋ 30 ሰከንድ ቢፈጅ አንዱ ልኬት 15 ጁል በላ ማለት ነው። በየ10 ደቂቃው ቢለካ በቀን 2,160 ጁል ይሆናል፤ የሳንቲሟን ባትሪ በአንድ ቀን ሊጨርሳት ምንም አይቀረው! ኃይል ቆጣቢ መሣሪያ ሲነደፍ ጥፋቱን ሁሉ በሬዲዮ ላይ መጫን የተለመደ ነው፤ በዚህ መሣሪያ ዘንድ ግን ዋናው በላተኛ ማራገቢያው ነው።

ስለዚህ ፊታችንን ወደ ፀሐይ እናዞራለን። የክብሪት ሣጥን የሚያክልና 20 በመቶ ብቃት ያለው የፀሐይ ሰሌዳ በጠራ ቀትር 0.35 ዋት ገደማ ይሰጣል። በበጋ፣ አምስት ሰዓት ሙሉ ብርሃን ቢያገኝ፣ ከ6,000 ጁል በላይ ይሰበስባል፤ ይተርፈናል። ክረምት ገብቶ ደመናው ይህን ወደ አንድ አሥረኛ ቢያወርደው ግን 600 ጁል ብቻ ይቀራል። በሰዓት አንድ ጊዜ መለካት (360 ጁል) ይቻላል፤ በየ10 ደቂቃው ግን አይሞከርም። በመሆኑም መሣሪያው የባትሪውን ቮልቴጅ እያየ የልኬቱን ድግግሞሽ ራሱ እንዲወስን ፕሮግራም ይደረጋል። ማጠራቀሚያውም ተመልሶ የሚሞላ መሆን አለበት፤ 1,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት የነበረው አሮጌ የሞባይል ባትሪ ግማሽ አቅሙ ብቻ ቢቀረው እንኳ፣ ፀሐይ ጭራሽ ባትወጣ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ያዘልቃል።